የተተከለ የልብ ቫልቭ ከስፌቱ ሲላቀቅ፦ ጤና ጣቢያ ላይ ምን ይደረግ?

ሲስተር ከመንዝ

ጤና ይስጥልኝ። የልብ ሕሙማን ክትትል ላይ ለምትሠሩ ሁሉ አስቸኳይ ጥያቄ አለኝ።

ታካሚዋ የ26 ዓመት እናት ናት። በሩማቲክ የልብ ሕመም የተጎዳው ማይትራል ቫልቯ (በግራ ልብ የላይኛውና የታችኛው ክፍል መካከል ያለው) ወጥቶ በሜካኒካል ቫልቭ ከተተካላት አምስተኛ ወሯን ይዛለች። ደም እንዳይረጋ ዋርፋሪን ትወስዳለች፣ ሩማቲኩ እንዳያገረሽም ቤንዛቲን ፔኒሲሊን በየአራት ሳምንቱ ትወጋለች። ካለፉት ሁለት ሳምንታት ወዲህ ዳገት መውጣቱ ቀርቶ ልብስ ማጠብ እንኳ አቅቷታል፤ ሌሊት ሦስት ትራስ ደራርባ ነው የምትተኛው። ጠዋት ጠዋት ሽንቷ እንደ ኮካ ኮላ ይጠቁራል፣ የዓይኗ ነጭ ቢጫ ብሏል። ትኩሳቷ 38.1፣ ፐልሷ 112፣ ደም ግፊቷ 100/60 ነው። የቫልቩ ቲክታ ይሰማል። የመጨረሻው አይኤንአሯ (ደሟ ምን ያህል ዘግይቶ እንደሚረጋ የሚለካው ቁጥር) 2.1 ነበር።

ቤተሰቡ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ተሸክማ ስለነበር ቫልቩ ከቦታው ሸርተት አለ ብሎ ያምናል፤ እሷም ራሷን ትወቅሳለች። በሸክም ሊሆን ይችላል? ሽንቷ ስለጠቆረ ዋርፋሪኑ ይቁም ወይ? ሴፍትሪአክሶን የተባለውን አንቲባዮቲክ አሁኑኑ ልጀምርላት? ከመላኬ በፊት እኛ ጋ ምን ቢሠራ ይጠቅማታል?

የውስጥ ደዌ ሐኪም፣ ደብረ ብርሃን

ሲስተር፣ በቅድሚያ ይህች ታካሚ ዛሬውኑ መላክ አለባት። ለቀጠሮ የምትቆይ አይደለችም። ቫልቭ የተተከለለት ሰው ትንፋሽ ሲያጥረው፣ ሲያተኩሰው፣ ሽንቱ ሲጠቁርና ዓይኑ ቢጫ ሲል፣ ሌላ ነገር መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ ቫልቩ ኢንፌክሽን ይዞት ከስፌቱ እየተላቀቀ ነው ብለን ነው የምንነሳው።

ወደ ጀሪካኑ ልምጣ፣ እባክዎ ይህን ለቤተሰቡ በደንብ ያስረዱልኝ። ቫልቩ በሸክም አይወልቅም። ሜካኒካል ቫልቭ ዙሪያውን በጨርቅ የተሸፈነ የመስፊያ ቀለበት አለው። ሐኪሙ የተበላሸውን ቫልቭ ካወጣ በኋላ የቀረውን የሥጋ ጠርዝ ዙሪያውን በጠንካራ የፖሊስተር ክር ይሰፋል፤ እንደ ቫልቩ መጠን ስፌቱ ከ12 እስከ 18 ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል። ክሩ ሥጋውን እንዳይቀደው አብዛኛውን ጊዜ ከእያንዳንዱ ስፌት ሥር ፕሌጄት የሚባል ትንሽ የጨርቅ ቁራጭ ይገባል። ከዚያ በሚቀጥሉት ወራት የሰውነት ሥጋ በቀለበቱ ጨርቅ ውስጥ እያደገ ቫልቩን ከጠርዙ ጋር ያዋህደዋል። ይህን ሁሉ አንድ ጀሪካን አይነቅለውም፤ የመኪና መንገጫገጭም አይነቅለውም። ሸክም የሚከለከለው ለቫልቩ ተፈርቶ አይደለም። የተሰነጠቀው የደረት አጥንት በሽቦ ታስሮ እስኪገጥም ከ6 እስከ 12 ሳምንት ስለሚፈልግ ነው። እሷ ያንን ጊዜ አልፋለች። ጥፋቱ የእሷ አይደለም።

ታዲያ ስፌቱ ለምን ይለቃል? ክሩ ራሱ የሚበጠሰው ከስንት አንዴ ነው። የሚሸነፈው ክሩ የያዘው ሥጋ ነው። ዋናው ምክንያት ኢንፌክሽን ነው። ባክቴሪያው በመስፊያ ቀለበቱና በሥጋው መካከል ይሰፍርና ጠርዙን ያበሰብሰዋል፣ አንዳንዴም መግል ይቋጥራል። ያኔ ክሩ ሥጋውን እየቆረጠ ይወጣል። በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ በብዛት የሚገኙት የስታፊሎኮከስ ዝርያዎች ናቸው፤ ከቆዳ፣ ከቁስል ወይም ከደም ሥር መስመር ይገባሉ። ከዓመት በኋላ ከአፍና ከጥርስ የሚነሳው ስትሬፕቶኮከስ ድርሻው እየጨመረ ይመጣል። ሁለተኛው ምክንያት ጠርዙ ላይ ካልሲየም ተጋግሮ እንደ ድንጋይ ሲደርቅ ነው፤ መርፌ በቅጡ አይዘውም፣ ቀለበቱም ተመቻችቶ አይቀመጥበትም። ሩማቲክ ቆይቶ የተገኘባቸው የእኛ ታካሚዎች ላይ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ለሁለተኛ ጊዜ የተከፈተ ልብ፣ ስቴሮይድ ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው፣ የተፈጥሮ የሥጋ ልልነት ያለበት ሰው፣ የስፌት አሠራር ጉድለትም አሉ።

ሥጋው ወደ ቀለበቱ ማደጉ ምን ያህል ወሳኝ እንደሆነ ለማየት የሲልዞንን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። ሴንት ጁድ ሜዲካል ኢንፌክሽን ይከላከላል በሚል የመስፊያ ቀለበቱን በብር የለበጠበት ቫልቭ ነበር። በሙከራ ላይ ከተለመደው ቫልቭ ይልቅ በጎኑ ደም የሚያፈስበት ሰው በዝቶ ስለተገኘ እ.ኤ.አ. በጥር 2000 ከገበያ ተሰበሰበ። ብሩ ባክቴሪያውን ይጎዳል ተብሎ የታሰበውን ያህል የሥጋውንም እድገት ያውክ ነበር።

መላቀቅ ስንል ቫልቩ ሙሉ በሙሉ ወልቆ ይንሳፈፋል ማለት እንዳልሆነም ይታወቅ። የተለመደው ሁለት ሦስት ስፌት ለቅቆ በቀለበቱና በሥጋው መካከል ጠባብ ክፍተት መፈጠሩ ነው። ደም በዚያ በኩል ወደ ኋላ ይረጫል። በተለያዩ ጥናቶች እንዲህ ያለ የጎን ፍሳሽ በአዮርቲክ ቫልቭ (ደም ከልብ ወደ ዋናው ደም ሥር በሚወጣበት በር ላይ ያለው) ከ2 እስከ 10፣ በማይትራል ከ7 እስከ 17 በመቶ ተመዝግቧል፤ አብዛኛው ግን ትንሽ ነው፣ ምልክት ሳያሳይ በክትትል ይኖራል። ክፍተቱ ሲሰፋ የልብ ድካም ይመጣል። አንዳንዴ ደግሞ ክፍተቱ ጠባብ ሆኖ ደሙ በኃይል ስለሚረጭ ቀይ የደም ሴሎች ይሰባበራሉ፤ የጠዋቱ ጥቁር ሽንትና የዓይኗ ቢጫነት ከዚህ ይመስለኛል። በካቴተር (በቀጭን ቱቦ) በእግር ደም ሥር የሚገባውና ያለ ስፌት በመወጠር ብቻ የሚቆመው ቫልቭ ከቦታው መንሸራተቱ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱ ባብዛኛው በተተከለበት ሰዓት ወይም በቀጣዮቹ ጥቂት ሰዓታት የሚታይ ችግር ስለሆነ እዚህ አያሳስበንም።

እዚያው ሆነው የሚለዩት እንዲህ ነው። ማዳመጫውን ከግራ ጡት ሥር ያድርጉና ቲክታውን ይስሙ። ጥርት ያለ፣ አጭር፣ ከእያንዳንዱ የልብ ምት ጋር የሚመጣ ከሆነ የቫልቩ ክዳኖች እየተከፈቱና እየተዘጉ ነው። ድምፁ ከታፈነ ወይም ከጠፋ ቫልቩ ላይ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል፤ እሱም የዚያኑ ያህል አስቸኳይ ነው። አይኤንአር 2.1 ለማይትራል ሜካኒካል ቫልቭ ዝቅተኛ ስለሆነ ይህን ከግምት ማውጣት አይቻልም። ስፌት ሲላቀቅ ግን ቲክታው እንደነበረ ሆኖ አዲስ የፉጨት ድምፅ ይጨመራል። በማይትራል ወደ ግራ ብብት ይሄዳል። ተጠንቀቁ፣ ከባድ ፍሳሽ ሆኖ ፉጨቱ የማይሰማበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ጆሮዎ ምንም አልሰማም ብለው እንዳያረጋጓት።

ዋርፋሪኑ አይቁም። የሽንቱ መጥቆር ከደም መፍሰስ ይሁን ከሴል መሰባበር ሳይለይ ማቆም ቫልቩን ለመርጋት መዳረግ ነው። ሴፍትሪአክሶኑን በተመለከተ ከታች ላብራቶሪው እንዲያስረዳ እለምናለሁ፤ ካልቸር (በደም ውስጥ ያለን ባክቴሪያ አሳድጎ የሚለይ ምርመራ) ሳይወሰድ አይጀመር።

ላብራቶሪ፣ ሸዋ ሮቢት

ከዶክተሩ ቃል ልቀጥል። ሲስተር፣ የሽንት መመርመሪያ ስትሪፕ ይኖራችኋል። ሽንቷን በስትሪፕ ይዩት፣ ያንኑ ሽንት አሽከርክረው ዝቃጩን በማይክሮስኮፕ ይዩ። ስትሪፑ ደም አለ ብሎ በማይክሮስኮፕ ግን ቀይ ሴል ካልታየ፣ በሽንቱ ያለው ከተሰባበረ ሴል የወጣ ሄሞግሎቢን ነው፤ ዋርፋሪን በዝቶ የደማ ኩላሊት ወይም ፊኛ አይደለም። ቀይ ሴሎች ሞልተው ከታዩ ያኔ አይኤንአሩ ከፍ ብሎ ይሆናል። ይህች አሥር ደቂቃ የማትፈጅ ምርመራ ዋርፋሪን ይቁም አይቁም የሚለውን ጭቅጭቅ ትገላግላለች። ስትሪፕ ላይ ብቻ ተመርኩዞ "ሽንቷ ደም አለው" ብሎ መጻፍ ግን ተቀባዩን ሐኪም ያሳስታል።

የደም ፊልም ካደረጋችሁ የተቆራረጡ፣ የራስ ቁር የሚመስሉ ቀይ ሴሎችን ፈልጉ። በዚያው ፊልም ወባንም የሚያገረሽ ትኩሳትንም ተመልከቱ። ወደ ቀወት ወይም ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ወርዳ ከሆነ ወባ አይቀርም ማለት አይቻልም፤ ደጋ ላይ ደግሞ ቅማል የሚያስተላልፈው ግርሻ አለ። ሁለቱም ትኩሳትና ቢጫ ዓይን ያመጣሉ። ዊዳል የሚባለውን የታይፎይድ የደም ምርመራ ሠርታችሁ "ታይፎይድ ነው" ብላችሁ ሲፕሮፍሎክሳሲን እንዳትሰጡ ግን አደራ። ዊዳል በእኛ አገር በጤነኛም ሰው ደም ላይ አዎንታዊ ሊወጣ ይችላል፤ ሲፕሮው ደግሞ ካልቸሩን ያበላሻል፣ አይኤንአሩንም ያንራል።

ካልቸር እናንተ ጋ ጠርሙሱ ከሌለ ሆስፒታል ስትደርስ ከመጀመሪያው አንቲባዮቲክ በፊት እንዲወሰድ በሪፈር ወረቀቱ ላይ በጉልህ ይጻፍ። ጠርሙሱ ካለ ሦስት ጊዜ፣ ከተለያየ ቦታ፣ እያንዳንዱ በአዲስ መርፌ ይወሰዳል። በመጀመሪያውና በመጨረሻው መካከል ቢያንስ አንድ ሰዓት ቢኖር ጥሩ ነው፤ ታካሚዋ እየተዳከመች ከሆነ ግን ሰዓቱን አትጠብቁ፣ ሦስቱንም በተከታታይ ውሰዱ። ቆዳው በ70 በመቶ አልኮል ይጠረጋል፣ ከዚያ ክሎርሄክሲዲን ተቀብቶ ቢያንስ 30 ሰከንድ እስኪደርቅ ይጠበቃል። ፖቪዶን አዮዲን ከሆነ ሁለት ደቂቃ ያህል ይፈልጋል። ብዙ ጊዜ ካልቸር የሚበከለው እዚህ ላይ ነው፤ ከተጠረገ በኋላ ደም ሥሩን ለመፈለግ ጣት ይመለስበታል። የጠርሙሱን ጎማ ክዳንም በአልኮል ጥረጉት። ለአዋቂ በየጠርሙሱ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ደም ይግባ፤ የደሙ መጠን ካነሰ ባክቴሪያው የመገኘት ዕድሉ በቀጥታ ይቀንሳል። ከቆየ ካኑላ አይቀዳ። የተሞላው ጠርሙስ በክፍል ሙቀት ይቀመጥ እንጂ ፍሪጅ ወይም የክትባት በረዶ ሳጥን ውስጥ አይግባ፤ ቅዝቃዜ ባክቴሪያውን ይጎዳዋል። የመንዝ ብርድ ስለሚያይል በአምቡላንሱ መስኮት ሥር ሳይሆን ከሰው አጠገብ ይያዝ።

ለአይኤንአር የሚቀዳው ደም ባለ ሰማያዊ ክዳኑ ቱቦ ላይ እስከ ምልክቱ ይሙላ። ጎደሎ ከሆነ ውጤቱ በሐሰት ከፍ ይላል።

ሲስተር ከመንዝ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሽንቷን በተባለው መሠረት አየነው፤ ስትሪፑ ሦስት ፕላስ፣ በማይክሮስኮፕ ግን ቀይ ሴል የለም። የደም ፊልሟ ላይ ወባም ግርሻም አልታየም። አምቡላንስ ተጠርቷል። ሁለት ነገር ቀረኝ። በመንገድ ላይ ምን ላድርግላት? ቤተሰቡ ደግሞ መጀመሪያ ጠበል ትግባ፣ መድኃኒቱንም ለጊዜው ታቁመው እያለ ነው።

የልብ ቀዶ ጥገና ነርስ፣ አዲስ አበባ

መንገዱን በተመለከተ፣ አታስተኟት። ጀርባዋን ደግፋችሁ ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጧት፣ እግሯ ወደ ታች ይውረድ። ሳንባዋ ውስጥ የመንጣጣት ድምፅ የሚሰማ ከሆነና የላይኛው ግፊቷ ከ100 ካልወረደ ፉሮሴማይድ (ላዚክስ፣ ትርፍ ፈሳሽ በሽንት የሚያስወጣ መድኃኒት) 40 ሚሊ ግራም በደም ሥር በዝግታ ስጧት፤ ሽንቷን ለክታችሁ ጻፉ። ደም ሥር መስመሩ ክፍት ይሁን እንጂ ግሉኮስ ወይም ሳላይን ሙሉ ከረጢት እንዳታፈሱባት። ግፊቷ 100/60 መሆኑን አይቶ ፈሳሽ መጨመር በልብ ድካም ላይ ያለን ሰው ሳንባ ማስጠም ነው። ለሕመም ተብሎ ዳይክሎፌናክ በጡንቻ አይወጋ።

ኦክስጅን ከመነሳታችሁ በፊት ይሰላ። የሲሊንደሩን የሊትር መጠን በጌጁ ላይ በሚታየው ባር አባዙት፤ 10 ሊትር ሲሊንደር 150 ባር ካሳየ 1,500 ሊትር ኦክስጅን ይዟል፣ በደቂቃ 5 ሊትር ብታስኬዱት 300 ደቂቃ ይበቃችኋል። ጌጁ 50 ካሳየ ያላችሁ 100 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ከመንዝ ጣርማ በር ወጥቶ ደብረ ብርሃን ለመድረስ አይበቃም። ሳቹሬሽኗን (በደሟ ያለውን የኦክስጅን መጠን) ደግሞ ከቀድሞ ካርዷ ጋር አወዳድሩት። በዚያ ከፍታ ላይ ያለ ሰው ቁጥር እንደ ቆላው ላይሆን ስለሚችል ከራሷ የቀድሞ ቁጥር መውረዱ ነው የሚነግራችሁ።

ይህቺን ለሌሎችም እጨምራለሁ፤ የተላቀቀው የአዮርቲክ ቫልቭ ቢሆን ኖሮ ፐልሷ ፈጠነ ብሎ ፕሮፕራኖሎል ወይም አቴኖሎል መስጠት አደገኛ ነው። የልብ ምት በቀነሰ ቁጥር ደሙ ወደ ኋላ የሚመለስበት ጊዜ ይረዝማል። እዚያ ላይ ፍጥነቱ እሷን ለማዳን ነው የሚሮጠው።

አብሯት የሚሄደው ወረቀት ሕክምናዋን ያፋጥናል ወይም ያዘገያል። የቫልቭ መለያ ካርዷ ኦሪጅናሉ ይያዝ፤ የቫልቩ ዓይነት፣ በሚሊ ሜትር ያለው መጠንና ተከታታይ ቁጥሩ እዚያ ላይ አለ። ከሆስፒታል ስትወጣ የተሠራው ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ይያዝ፣ ምክንያቱም ፍሳሹ አዲስ መሆኑ የሚታወቀው ከዚያ ጋር ሲነጻጸር ነው። ቀዶ ጥገናው ውጭ አገር የተሠራ ከሆነ የኦፕሬሽን ሪፖርቱ ቤት ሳጥን ውስጥ እንዳይቀር። የመጨረሻዎቹ አይኤንአሮች፣ ዋርፋሪን በስንት ሚሊ ግራም እንደሆነ፣ የመጨረሻው ቤንዛቲን የተወጋበት ቀን፣ በዚህ ወር ጥርስ የተነቀለ፣ እንጥል የተቆረጠ፣ ቁስል ያመረቀዘ መኖሩ ይጻፍ። ከመነሳታችሁ በፊት ደብረ ብርሃን ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይደወል፤ ቀዶ ጥገናው የተሠራበት ማዕከልም በዚያው ሰዓት ይወቅ። ጥቁር አንበሳ ግቢ ባለው የልብ ማዕከል የተሠራላት ከሆነ ፋይሏ እዚያ ነው።

ስለ ጠበሉ፣ ቤተሰቡን አትጋጯቸው። ጸሎቱም ጠበሉም ሲሻላት ይደርሳል፤ ካህኑን ወይም የንስሐ አባቷን ጠርታችሁ "መድኃኒትሽን ውሰጂ" እንዲሏት ብታደርጉ ከእኛ ቃል በላይ ይሰማሉ። አሁን ግን በዚህ የልብ ድካም ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መጠመቅ፣ ከዚያም በላይ በባዶ ሆድ ብዙ ሊትር መጠጣት ሳንባዋን ይሞላዋል። ዋርፋሪን ለአንድ ሳምንት ከቆመ ደግሞ ቫልቩ ላይ ደም ሊረጋ፣ ከዚያም ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል።

ኢኮ ክፍል

ለተቀባዩ ሐኪም የሚሆን ጥቂት ነገር። በደረት ላይ የሚሠራው ኢኮ ማይትራል ሜካኒካል ቫልቭን በደንብ አያሳይም። ካርቦኑና ብረቱ ድምፁን ስለሚመልሱት ከቫልቩ ጀርባ ያለው የግራ ኤትሪየም (የግራ ልብ የላይኛው ክፍል) በጥላ ይሸፈናል፤ ፍሳሹ የሚረጨው ደግሞ እዚያው ጥላ ውስጥ ነው። ስለዚህ "ፍሳሽ አልታየም" የሚል የደረት ኢኮ ውጤት ይዛ ብትመለስ አትቀበሉት። በተዘዋዋሪ የሚናገሩ ቁጥሮች ግን አሉ። በቫልቩ የሚያልፈው ደም ከፍተኛ ፍጥነት በሰከንድ 1.9 ሜትርና ከዚያ በላይ ሆኖ፣ ፕሬዠር ሃፍ ታይሙ (በቫልቩ ግራና ቀኝ ያለው የግፊት ልዩነት በግማሽ ለመውረድ የሚፈጅበት ጊዜ) ከ130 ሚሊ ሰከንድ በታች ከሆነ፣ ቫልቩ አልጠበበም፤ ብዙ ደም እየተመላለሰበት ነው ማለት ነው። ፍጥነቱ ጨምሮ ሃፍ ታይሙም ከረዘመ ወደ መርጋት ያስቡ።

ቁርጡን የሚነግረው በጉሮሮ የሚገባው ኢኮ ነው። ለስድስት ሰዓት ያህል ምግብ ሳትወስድ ትቆያለች፤ የመዋጥ ችግር ካለባት አስቀድሞ ይነገር። ዋርፋሪን ለዚህ ምርመራ ተብሎ አይቋረጥም። በምስሉ ላይ ቫልቩን ከግራ ኤትሪየም በኩል እንደ ሰዓት ገጽ እናየዋለን። አዮርታው 12 ሰዓት ላይ፣ የግራ ኤትሪየም ጆሮ 9 ሰዓት አካባቢ ይሆናል። ፍሳሹ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደተዘረጋ መጻፍ ለቀዶ ሐኪሙ ከብዙ ቃል ይሻላል።

ቫልቩ ሲወዛወዝ ማየት የከባድ መላቀቅ ምልክት ነው። መላው ቫልቭ ከልቡ ግድግዳ ጋር ሳይሆን ለብቻው ሲነቃነቅ፣ ከ15 ዲግሪ በላይ ሲዘምም ማለቴ ነው። በአዮርቲክ ቫልቭ ይህ ከታየ ብዙ ጊዜ ከዙሪያው 40 በመቶ ያህሉ ለቅቋል። በማይትራል ላይ ግን አንድ ማሳሳቻ አለ፤ ሐኪሙ የቀድሞውን ቫልቭ ቅጠል ሳያወጣ ትቶ ከሆነ ስፌቱ ደህና ሆኖም ቫልቩ ትንሽ ሊነቃነቅ ይችላል። የኦፕሬሽን ሪፖርቱ የሚያስፈልገው ለዚህም ነው። በጉሮሮ የሚገባው ኢኮ በቅርብ ካልተገኘ በኤክስሬይ ቪዲዮ የክዳኖቹን መከፈትና የቀለበቱን መዝመም ማየት ይቻላል፤ ፈጣን ነው፣ ፍሳሹን ግን አያሳይም።

ኢሲጂም (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) በየቀኑ ይሠራላት። ፒአር ርቀቱ (ምልክቱ ከላይኛው ወደ ታችኛው የልብ ክፍል ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ) እየረዘመ ከመጣ መግሉ ወደ ልብ የኤሌክትሪክ መስመር ደርሷል ማለት ሊሆን ስለሚችል ቀዶ ሐኪሙ በዚያው ሰዓት ይነገረው። ይህ በተለይ በአዮርቲክ ቫልቭ ላይ ይበረታል።

ፋርማሲስት፣ ደብረ ሲና

ስለ አንቲባዮቲኩ ከላይ ከተባለው በአንድ ነገር እለያለሁ። ካልቸር ይቅደም የሚለው ትክክል ነው፣ ግን ግፊቷ ከወረደ፣ እያቃዠች ከሆነ፣ ወይም መንገዱ ተዘግቶ ነገ ነው የምትደርሰው ከተባለ ደሙ ተወስዶ ወዲያው አንቲባዮቲክ መጀመር አለበት። ጠርሙስ ባይኖርም በሴፕሲስ (ኢንፌክሽኑ መላ ሰውነትን ሲያናጋ) ላይ ያለች ሴት ጠርሙስ ስትጠብቅ መሞት የለባትም። አሁን ባለችበት ሁኔታ ግን ግፊቷ ቆሟል፣ አምቡላንስም መጥቷል፤ ስለዚህ ሴፍትሪአክሶኑ ይቆይ። ሌላም ምክንያት አለ። በመጀመሪያው ዓመት የሚጠረጠሩትን ስታፊሎኮከሶች ሴፍትሪአክሶን ብቻውን በአስተማማኝ አይሸፍንም። ለተተከለ ቫልቭ ኢንፌክሽን በብዛት የሚጀመረው ቫንኮማይሲንና ጄንታማይሲን ነው፣ ሪፋምፒሲን ይጨመርበታል፤ ሕክምናው ቢያንስ 6 ሳምንት ነው፣ ክሬአቲኒን (የኩላሊት ሥራ መለኪያ) እየታየ። አንድ ዶዝ ሴፍትሪአክሶን ካልቸሩን አጥፍቶ በሽታውን ግን አያድንም።

ሪፋምፒሲን ሲጨመር ዋርፋሪኑ ላይ የሚያደርሰውን ነገር ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። ጉበት ዋርፋሪኑን በፍጥነት እንዲያስወግድ ስለሚያደርግ አይኤንአር በአንድ ሁለት ሳምንት ውስጥ ቁልቁል ይወርዳል፤ ዶዙ እጥፍና ከዚያም በላይ ሊያስፈልግ ይችላል። ሪፋምፒሲኑ ሲቆም ደግሞ ተገላቢጦሽ ይሆናል፣ ዶዙ ካልተቀነሰ ትደማለች። የቲቢ መድኃኒት የሚጀምር የቫልቭ ታካሚም ያው ነው። ሜትሮኒዳዞል፣ ኮትሪሞክሳዞልና ፍሉኮናዞል በተቃራኒው አይኤንአርን ያንራሉ። በእርግጥ ሆስፒታል ከገባችና ቀዶ ጥገና ከታሰበ ዋርፋሪኑን በመርፌ በሚሰጠው የመርጋት መከላከያ በሄፓሪን መተካት የተለመደ ነው፣ ያ ግን የሆስፒታሉ ውሳኔ ነው።

2.1 ለምን እንደሆነም ይጠየቅ። ለማይትራል ሜካኒካል ቫልቭ የሚፈለገው ከ2.5 እስከ 3.5 ነው፤ ለአዮርቲክ ባብዛኛው ከ2 እስከ 3። በጾም ወቅት ጎመን በየቀኑ ስለሚበላ በውስጡ ያለው ቫይታሚን ኬ አይኤንአርን ያወርዳል። ጎመን አትብሉ ማለት አይደለም፤ በጾምም በፍስክም በሳምንት ተመሳሳይ መጠን ይበላ፣ ጾሙ ከገባ ከአንድ ሳምንት በኋላ አይኤንአር ይታይ። ዋርፋሪን በ1፣ በ2ም በ5 ሚሊ ግራምም ስለሚመጣ "ግማሽ ፍሬ" የሚለው ቃል ብቻውን አይጻፍ፤ ሚሊ ግራሙ ይጻፍ። ፋርማሲው የተለየ ክኒን ሰጥቷት ዶዟ ሳይታወቅ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። ዳቢጋትራንና መሰሎቹን አዳዲስ መድኃኒቶች ዋርፋሪን ጠፋ ተብሎ ለሜካኒካል ቫልቭ መተካት አይቻልም።

ቫልቩ ስለተቀየረ ቤንዛቲኗ አይቆምም፤ ሩማቲኩ የቀሩትን ቫልቮች ይነካል። 1.2 ሚሊዮን ዩኒት በጡንቻ ከተወጋች በኋላ በዋርፋሪን ምክንያት ቦታው ላይ 10 ደቂቃ ያህል ተጭኖ ይያዝ። ሆኖም እንዲህ የደከመ ልብ ላላት ሴት መርፌውን በዚህ ሳምንት አትውጓት፤ በከባድ የልብ ድካም ላይ ያለ ሰው ከመርፌው በኋላ ግፊቱ ወርዶ ሊወድቅ ስለሚችል እስክትረጋጋ በሚዋጥ ፔኒሲሊን ቪ፣ 250 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ፣ መተካት እንደሚቻል ሐኪሟን ጠይቁ።

ሲስተር ከመንዝ

አምቡላንሱ ተነስቷል፣ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች፣ ላዚክስ 40 ሰጥተናታል፣ ሲሊንደሩ 130 ባር ነው። የንስሐ አባቷ ራሳቸው መጥተው መድኃኒቱን እንዳታቋርጥ አሏት። ቤተሰቡ የጠየቀኝ፣ ተላቅቆ ከተገኘ ሁለተኛ ጊዜ ደረቷ መከፈቱ ግድ ነው ወይ?

የውስጥ ደዌ ሐኪም፣ ደብረ ብርሃን

ደብረ ብርሃን ድንገተኛ ክፍል ነግሬያለሁ፣ ካልቸር ጠርሙሱ ተዘጋጅቶ ይጠብቃታል።

ግድ የሚሆነው በሦስት ምክንያት ነው፤ የልብ ድካሙ በመድኃኒት ካልተገታ፣ ኢንፌክሽኑ መግል ከቋጠረ ወይም ካልቸሩ አንቲባዮቲክ ላይ ሆናም አልጠራ ካለ፣ ወይም የሴሉ መሰባበር ደም በደም ላይ እየተሰጣት የማያቆም ከሆነ። ኢንፌክሽን ከሌለና የለቀቀው ሁለት ሦስት ስፌት ከሆነ ቫልቩ ሳይወጣ በፕሌጄት እንደገና የሚሰፋበት ጊዜ አለ። ሥጋው ከበሰበሰ ግን የተበላሸው ተጠርጎ አዲስ ቫልቭ ይገባል። በካቴተር ክፍተቱን በመወተፊያ መድፈን የሚቻለው ኢንፌክሽን ከሌለ፣ ቫልቩ የማይወዛወዝ ከሆነና የለቀቀው ከዙሪያው ሩብ ያህሉን ካላለፈ ነው፤ እሷ ትኩሳት ስላላት አሁን ይህን ተስፋ አትስጧቸው። ሁለተኛው ቀዶ ጥገና ከመጀመሪያው ይከብዳል፣ ምክንያቱም ልቡ ከደረት አጥንቱ ጋር ተጣብቆ ይጠብቃል። ቢሆንም ኩላሊቷ ሳይደክምና ሳንባዋ ሳይሞላ ከተገባበት የመዳን ዕድሏ እጅግ ይሻላል፤ ለዚህ ነው ዛሬ ተነሱ ያልኩት።

ለቤተሰቡ ሁለት ሥራ ስጧቸው። አንደኛው ደም ነው፤ የደም ዓይነቷ ታውቆ የሚለግሱ ዘመዶች ከአሁኑ ይዘጋጁ። ሁለተኛው ደግሞ አፏ ነው። የተቦረቦረ ጥርስ ካላት ለሐኪሞቹ ይንገሩ። ወደፊት ጥርስ የምታስነቅል ከሆነም ከ30 እስከ 60 ደቂቃ አስቀድማ አሞክሲሲሊን 2 ግራም መዋጥ አለባት፤ ፔኒሲሊን የሚያሳክካት ከሆነ ሌላ ይመረጣል። እንጥል ማስቆረጥ ግን ለእሷም፣ ሩማቲክ ላለባቸው ለሌሎች የቤቱ ልጆችም ይቅር። ቶንሲል ሲያማቸው ወደ እናንተ ይምጡ።